የወንድሜ ስም በድንጋይ ሊቀረጽ ነው፤ እናቴን ይዤ እንዴት ልሂድ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከዋሽንግተን የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ ከተማ ፖሊስ ነበር። ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ መንገድ ዳር መኪና አስቁሞ ሲያነጋግር ሌላ መኪና ገጭቶት ሥራው ላይ ሳለ ዐረፈ። እናቴ ቪዛ ስላልደረሰላት ቀብሩ ላይ አልነበረችም፤ አሁን ተሳክቶላት በሚያዝያ አጋማሽ ከደሴ ትመጣለች። ግንቦት ላይ ስሙ ዋሽንግተን ባለው የፖሊሶች መታሰቢያ ግድግዳ ላይ እንደሚገባና በሻማው ምሽት እንደሚጠራ ተነግሮናል። ከመሥሪያ ቤቱ 25 ባልደረቦቹ ይመጣሉ፤ የኛ ወገን ወደ 65 ይሆናል፣ ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነው። አዳራሽ ተከራይተን ቅዳሜና እሑድ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ለማድረግ አስበናል። እናቴ «መንፈቁ ነውና ፍትሐት ይደረግ» ትላለች። ሚስቱ ፈረንጅ ናት፤ «የመሥሪያ ቤቱ ሥርዓት ይበቃል» ትላለች፤ በቀብሩ የተሰጠው ባንዲራም እሷ ጋ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ የወንድምሽንም ነፍስ ይማር።

ስለ አዳራሹና ስለ ባንዲራው ጽፈሻል፤ እኛን ያሳሰበን ግን በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው፤ እናትሽ ቀብሩ ላይ አልነበሩም። መርዶውን ሰምተዋል፣ አልቅሰዋል፤ አፈሩን ግን አላዩትም። እርማቸውን ያላወጡ እናት በሺዎች በሚቆጠር የደንብ ልብስ ለባሽ መሀል ተቀምጠው፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ የልጃቸውን ስም ከድምፅ ማጉያ ቢሰሙ ወይ ድንጋይ ሆነው ይቀራሉ፣ ወይ እዚያው ይወድቃሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መቃብሩ ይቅደም።

እናትሽ በደረሱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ የጉዞው ድካም ሲወጣላቸው፣ በጠዋት ውሰዷቸው። ከአምስት ከስድስት ሰው አትብዙ፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰውም አይኑር። ባልደረቦቹ እናጅባችሁ ማለታቸው አይቀርም፤ አመስግናችሁ «ለሌላ ቀን» በሏቸው። ከዚያ በፊት ወደ መቃብር ቦታው ቢሮ ደውለሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ሐውልቱ ቆሟል ወይ? አሜሪካ ውስጥ የመቃብር ድንጋይ ታዝዞ እስኪቆም ብዙ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ያለው ትንሽ ጊዜያዊ ምልክት ብቻ ነው። እናትሽ ትልቅ ሐውልት ጠብቀው ሣር ላይ የተተከለች ሰሌዳ ቢያዩ «ልጄን ጣሉት» ብለው ነው የሚያዝኑት። አስቀድመሽ ፎቶ አንሥተሽ አሳያቸው፣ ሥርዓቱንም አስረጃቸው። ሁለተኛ፣ ጧፍና ሻማ ማብራት ይፈቀዳል ወይ? በብዙ ቦታ አይፈቀድም፤ እዚያ ደርሳችሁ በጥበቃ ከመከልከል ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ታጣፊ ወንበር፣ ውኃና ጋቢ ያዙ። ሁለት ሰዓት ያህል ስጧቸው። ሙሾ ቢያወርዱ ያውርዱ፤ «በቃ እማዬ» የሚል ሰው ከመሀላችሁ አይውጣ።

ሁለተኛው ምክራችን ሁሉን ነገር አንድ ላይ አታድርጉ የሚል ነው። የመንግሥቱ ሥርዓት በራሱ ሰዓትና ደንብ ይሂድ፤ የቤታችሁም በቤታችሁ ወግ ይሁን። ሁለቱን አንድ አዳራሽ ውስጥ ለማቀላቀል ሲሞከር ጸሎቱም ይቸኩላል፣ ፖሊሶቹም ግራ ይጋባሉ፣ እናትሽም የልጃቸው መታሰቢያ ላይ እንግዳ ሆነው ይቀመጣሉ።

ቀኖቹ እንዲህ ናቸው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1962 በፈረንጆች የፈረመው ሕግ ሜይ 15ን የወደቁ የሕግ አስከባሪዎች መታሰቢያ ቀን፣ ያ ቀን የሚውልበትንም ሳምንት የፖሊስ ሳምንት አድርጎታል። ቀኑ በእኛ ግንቦት 7 ነው፤ በፈረንጆች 1994 በወጣ ሕግ መሠረት በዚያን ዕለት ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ይውለበለባል። የሻማው ምሽት ሁለት ቀን ቀድሞ ሜይ 13፣ ማለትም ግንቦት 5 ይደረጋል። ዘንድሮ በ2018 ግንቦት 5 ረቡዕ፣ ግንቦት 7 ዓርብ ይውላል፤ ግንቦት 8 እና 9 ቅዳሜና እሑዳችሁ ናቸው። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ሻማው፣ ሐሙስ ዕረፍት፣ ዓርብ ግድግዳው፣ ቅዳሜ ከባልደረቦቹ ጋር አዳራሹ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያንና ቤት ይሁን። ሐሙስን ባዶ አድርገን የተውነው አውቀን ነው፤ በዚያ ቀን ዘመድ ጥየቃም ገበያም አታድርጉ።

መንፈቁን በተመለከተ እናትሽ ትክክል ናቸው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ላረፈ ሰው ስድስተኛው ወር ግንቦት መጀመሪያ ነው፤ የመንግሥቱ ቀንና የቤተ ክርስቲያኑ ቀን ሲገጣጠሙ መከራከሪያ አታድርጉት። ለሚስቱም በዚሁ መንገድ አስረጃት፤ «ሥርዓታችሁ አይበቃም» ከማለት «በእኛ ሃይማኖት ስድስተኛው ወር የጸሎት ቀን አለው፤ እሱም እዚሁ ሳምንት ላይ ወድቋል» በያት። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ምን ዓይነት ጸሎት እንደሚደረግና በየትኛው ሰዓት እንደሚሆን ግን ከካህኑ ጋር ከአንድ ወር በፊት ተነጋገሩ። ክርስትና ስሙን ጽፈሽ ስጪ። ያለ ክርስትና ስም የመጣ ቤተሰብ በቅዳሴው ጠዋት በስልክ ደሴን ሲያስጨንቅ ይውላል።

አሁን ወደ ስሙ። ይሄን ዛሬውኑ አድርጊው። ግድግዳው ላይ የሚገባው ስም መሥሪያ ቤቱ መዝግቦ ባስተላለፈው አጻጻፍ ነው። የእኛ ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስትና አራት ዓይነት ይጻፋል፤ በፓስፖርቱ አንድ፣ በመንጃ ፈቃዱ ሌላ፣ ባጁ ላይ ደግሞ አጥሮ ሊሆን ይችላል። የመሥሪያ ቤቱን አገናኝ መኮንን «ለመታሰቢያው የተላከውን አጻጻፍ በጽሑፍ ላክልኝ» በይና ፊደል በፊደል አመሳክሪ። ከተቀረጸ በኋላ ዕብነ በረድ በላጲስ አይታረምም። አንድ ነገር ደግሞ ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ አሜሪካኖቹ «የቤተሰብ ስም» የሚሉት የአባቱ ስም ሆኖ ከተመዘገበ (አንዳንዴ የአያት ስም ይሆናል)፣ በዚያ ድንጋይ ላይ የሚገባው የልጃቸው ስም ብቻ አይደለም፤ የባላቸውም ስም አብሮ ይቀረጻል።

አነባበቡም እንደዚሁ ነው። በሻማው ምሽት በመቶዎች የሚቆጠር ስም ነው የሚጠራው፤ አንባቢው የእኛን ስም ሲያገኝ መደናቀፉ አይቀርም። ስሙን በክፍለ ቃል ከፋፍለሽ፣ የሚጠብቀውን ፊደል አመልክተሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ፤ በስልክሽ ደግሞ አሥር ሰከንድ ድምፅሽን ቀድተሽ ለአገናኙ መኮንን ላኪለት። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ይድረሰው። ስሙ በየትኛው ክፍለ ሀገር ሥርና በስንተኛው ላይ እንደሚጠራም ጠይቂው፤ እናትሽ መቼ ጆሮአቸውን እንደሚያቀኑ ማወቅ አለባቸው።

የሻማው ምሽት በ8 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው የሚጀምረው፤ በቅርብ ዓመታት የተካሄደው በናሽናል ሞል ሜዳ ላይ ነው። የዘንድሮውን ቦታ ግን ከመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አረጋግጪ። በሐበሻ ሰዓት አትሂዱ፤ መንገዶች ይዘጋሉ፣ ፍተሻ አለ፤ መቀመጫችሁ ላይ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ። ስማቸው አዲስ ለሚገባ ቤተሰቦች የተለየ መቀመጫ አለ፤ ይህ ግን ቀድሞ የተመዘገበ ብቻ ነው። ከ65ቱ ሰው ጥቂቱ ብቻ እዚያ እንደሚቀመጥ አሁኑኑ ለዘመድ ተናገሪ። ለእናትሽ፣ ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ ለአንቺና ለአንድ አስተርጓሚ ቦታው ይያዝ፤ ሌላው ከኋላ ከሕዝቡ ጋር ይሁን። አጎት ተቀይሞ በመታሰቢያው ምሽት ከሚያኮርፍ፣ ዛሬ በስልክ ቢቆጣ ይሻላል።

አስተርጓሚዋ አንቺ አትሁኚ። ወንድምሽ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ድምፅሽ ይዘጋል፣ እናትሽም በዚያች ሰዓት ብቻቸውን ይቀራሉ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል፣ ቤተሰቡን የሚወድ ግን የሥጋ ዘመድ ያልሆነ ሰው በቀኛቸው ይቀመጥ። ሁሉንም መተርጎም የለበትም፤ «አሁን ጸሎት ነው፣ አሁን ሻማው ይበራል፣ ከአምስት ስም በኋላ የኛ ነው» ካላቸው በቂ ነው።

ሻማና ነጠላ አይስማሙም። በነፋስ ሜዳ ላይ ነጠላ አዘቅዝቀው የለበሱ እናቶች እጅ ለእጅ ሻማ ሲያቀባብሉ የጥጡ ጫፍ እሳት ይይዛል። ነጠላውን ደረታቸው ላይ ያስሩት፤ ጫፉ እንዳይንጠለጠል። ሻማው ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ ኩባያ ጋር ይሁን፤ ሰም እጅ ላይ አይንጠባጠብም፣ ነፋስም አያጠፋውም። ሲቀባበሉ የሚበራው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያልበራው ነው የሚያዘነብለው፤ ሰው ይህን ስለሚገለብጥ ነው የጎረቤቱን እጅ የሚያቃጥለው። ከአሥር ዓመት በታች ላሉ ልጆች የባትሪ ሻማ ግዙ። ቀን ሞቃት ቢሆንም ማታ ይበርዳል፤ ጋቢ ይያዝ። ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላ የኋላውን ሰው ይጋርዳል፤ የዝናብ ካፖርት ያዙ።

እናትሽ የማያውቁት ብዙ ነገር ያያሉ፤ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው አይደነግጡም። ፖሊሶቹ ባጃቸው ላይ ጥቁር ጥብጣብ ያደርጋሉ፤ ይህ ሐዘን ነው፣ ጥቁር ለኛም የሐዘን ቀለም ነውና ወዲያው ይገባቸዋል። ባግፓይፕ ሲነፋ እንደ እንቢልታ አስቡት በሏቸው። ተኩስ የሚኖርበት ሥርዓት ላይ፣ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ከተማ የሚያደርገው ላይም ሊሆን ይችላል፣ የክብር ዘቡ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ ከዚያ መለከት ይነፋል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የመጨረሻ የሬዲዮ ጥሪ የሚባል አለ። የሬዲዮ ሠራተኛዋ የሟቹን መለያ ቁጥር ደጋግማ ትጠራለች፣ መልስ የለም፤ በመጨረሻ ተልዕኮውን ፈጽሞ መሄዱን ትናገራለች። ይህ ከተኩሱ ይልቅ ሰውን ይሰብራል። መሥሪያ ቤቱ ይህን በቅዳሜው ፕሮግራም ሊያስገባ ካሰበ ፈቃዱ ከሚስቱና ከእናትሽ ይምጣ። ሁለቱ ካልፈለጉ ይቅር፤ ቀብሩ ላይ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ባይደረግ ነው የምንመርጠው።

ዓርብ ግንቦት 7 በካፒቶል፣ ማለትም በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ፣ ፊት ለፊት ብሔራዊው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል፤ የአበባ ጉንጉን ከተቀመጠ በኋላም የክብር ዘብ እስከ እኩለ ሌሊት መታሰቢያው ላይ ይቆማል። በፀሐይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ለሽማግሌ ከባድ ነው። ባልደረቦቹና ወጣቶቹ ወደ ካፒቶሉ ይሂዱ፤ እናትሽ ግን ግድግዳውን ብቻ ይዩ። ቀድሞ ጠዋት ከሆነ ሕዝቡ አይበዛም። መታሰቢያው ጁዲሺያሪ ስኩዌር ነው፤ የሜትሮው ቀዩ መስመር በስሙ በተጠራው ጣቢያ እዚያው ያወጣል፣ መኪና ይዞ ማቆሚያ ከመፈለግ ያድናል።

ቦታው በጥቅምት 1991 በፈረንጆች የተመረቀ ነው። ሁለት ግማሽ ክብ የሆኑ የዕብነ በረድ ግድግዳዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 304 ጫማ፣ 93 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ ከ24,000 በላይ ስም ተቀርጾባቸዋል። በየመግቢያው ግልገሎቻቸውን የሚጠብቁ የነሐስ አንበሶች አሉ። ጻድቅ እንደ አንበሳ ደፋር ነው የሚለው የመጽሐፈ ምሳሌ ቃልም ተጽፏል፤ ይሄን ለእናትሽ አንብቡላቸው፣ ምዕራፍ 28 ቁጥር 1 ነው፣ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያውቁታል። ስሞቹ በፊደልም በዓመትም ተራ አልተቀመጡም፤ ሰው ዝም ብሎ ቢፈልግ አያገኝም። መፈለጊያ መዝገቡ የግድግዳውን ወገን ማለትም ምሥራቅ ወይም ምዕራብ፣ የሰሌዳውን ቁጥርና የመስመሩን ቁጥር ይሰጣል። ይህን ከቤት አውጥተሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። እናትሽ ቆመው ስትፈልጊ ሩብ ሰዓት እንዳይፈጅ አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ቦታውን ይይ፤ ስሙ ከፍ ብሎ ይሁን ከታች፣ እጃቸው ይደርስ እንደሆነም ያረጋግጥ። ለእናት ስሙን በጣት መዳሰስ ትልቅ ነገር ነው።

ስሙን በወረቀት ማንሣትም ይቻላል። ስስ ነጭ ወረቀት ስሙ ላይ ይለጠጣል፤ አንድ ሰው ሁለቱን ጫፍ አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ለስላሳ እርሳስ አጋድሞ በጎኑ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በቀላሉ ያሻል። እርሳሱን አቁመው በጫፉ የሚጫኑ ወረቀቱን ይቀድዳሉ። ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ ፊደሉ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ድንጋዩ ጤዛ ወይም ዝናብ ከነካው ወረቀቱ ይበሳሳል፤ በደረቅ ፎጣ ጠርጋችሁ ጠብቁ። ፕላስተር አትለጥፉበት፣ እስክሪብቶም አትጠቀሙ። ሦስት አንሡ፤ አንዱ ለእናትሽ፣ አንዱ ለሚስቱ፣ አንዱ ለልጆቹ። በካርቶን ቱቦ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ የታጠፈ እርሳስ ደሴ እስኪደርስ ተፋፍቆ ይጠፋል። ግድግዳው ሥር ፎቶና ደብዳቤ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ግን የተቀመጠው በኋላ ይሰበሰባልና ዋናውን ፎቶ ሳይሆን ቅጂውን አኑሩ።

ቅዳሜ አዳራሹ። አምስት ሰዓት ተከራዩ፤ አንዱ ለማዘጋጀት፣ ሦስቱ ለፕሮግራሙ፣ አንዱ ለማጽዳት። ሦስት ተናጋሪ ይበቃል፤ ከቤተሰብ አንድ፣ ከባልደረቦቹ አንድ፣ ከማኅበረሰቡ አንድ፣ እያንዳንዳቸው አራት ደቂቃ። የሚተረጎም ንግግር እጥፍ ስለሚሆን አሥራ ሁለቱ ደቂቃ ሃያ አምስት ነው የሚሆነው። ንግግሩ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ይለቅ። ለፖሊሶቹ ግማሽ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ከሳምንት በፊት ላኪላቸው፤ «ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ድምፅ አውጥተው ሊያለቅሱ ይችላሉ፤ ሕመም አይደለም፣ ሐዘናችን ነው፤ አምቡላንስ አያስፈልግም» ይላል። የወደቀ ሰው ሲያዩ ሮጠው መርዳት ሥልጠናቸው ነውና ካልተነገራቸው ወንበሩን ገፍተው ነው የሚመጡት። በእጅ መብላትንም፣ «አፈር ስሆን ብላ» መባልንም ጨምረሽ ንገሪያቸው።

ከባልደረቦቹ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መምጣት የሚፈልግ ካለ ሁለት ነገር ከካህኑ ጋር ቁረጡ፤ ጫማና መሣሪያ። የሥራ ቡትስ ማሰሪያው ረጅም ነው፤ በር ላይ አሥር ወንበር አስቀምጡላቸው። መሣሪያው ምን እንደሚሆን ደግሞ በር ላይ ሳይሆን ቀድሞ በስልክ ይለቅ፤ የደንብ ልብስ ሳይለብሱ ቢመጡ ለሁሉም ይቀላል። ለሴቶቹ ጥቂት ነጠላ ያዙ።

ምግቡን በሚመለከት ሐሳባችን አንዳንድ ዘመድ ላይደላው ይችላል። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም፣ ዓርብም ቢሆን ይበላል። ቅዳሜ ግን የአዳራሹን ገበታ ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ አድርጉት። ወገናችሁ ግማሹ ሙስሊም ነው፤ ሥጋ ከገባ ሁለት ኩሽና፣ ሁለት ገበታ፣ ሁለት ጭልፋ ይፈልጋል፤ በሕዝብ መሀል ጭልፋ ይሳሳታል። የወንድምሽ ሐዘንተኞች በሁለት ገበታ ባይለያዩ እንመርጣለን። ለ90 ሰው 4 ኪሎ ምስር፣ 3 ኪሎ ክክ ለአልጫ፣ 2 ኪሎ ተኩል ሽሮ፣ 8 ኪሎ ጎመን፣ 5 ትልልቅ ጥቅል ጎመን ከ3 ኪሎ ካሮትና ከ3 ኪሎ ድንች ጋር፣ ለሁሉም 10 ኪሎ ሽንኩርትና 5 ሊትር ዘይት ያስፈልጋል። አልጫው ይብዛ፤ እንግዶቹ በርበሬውን አይችሉትም። እንጀራ ለኛ ወገን በነፍስ ወከፍ ሁለት፣ ለእንግዶቹ አንድ፣ መጠባበቂያ አሥራ አምስት ጨምራችሁ 170፤ በአሥር አሥር የታሸገ ከሆነ 17 እሽግ ነው። እንጀራው ዓርብ ማታ ሳይሆን ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፤ በፕላስቲክ ታሽጎ ያደረ ያልበዋል። ሽንኩርቱን በአንድ ትልቅ ድስት አታቁላሉ፤ ከታች ያርራል፣ ከላይ ጥሬ ነው፤ በሦስት ድስት ይከፈል። ንፍሮ አይቅር፤ 4 ኪሎ ስንዴና 2 ኪሎ ሽምብራ ዓርብ ማታ ለየብቻ ይነከር፣ ለየብቻ ይቀቀል፣ መጨረሻ ላይ ይቀላቀል። አብሮ የተቀቀለ እንደሆነ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ ነው። ዶሮ ወጡን ለእሑድ ቤት አቆዩት።

መጠጥ አይኑር። የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ አይጠጣም፤ መኪና የሚነዳውም ብዙ ነው። ለቡና አንድ ኪሎ ተኩል ጥሬ ቡና ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ቡናም አዳራሽ ውስጥ አይቆላ፣ ዕጣንም አይጨስ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፣ እሳት አደጋ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ በአዳራሽ ኪራይ ውል ላይም ቅጣት ሊኖረው ይችላል። ቡናው ውጭ በጋዝ ምድጃ ተቆልቶ ይግባ።

ፎቶው የደንብ ልብስ የለበሰበት ይሁን፣ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር፣ ዓይን ትክክል ከፍ ብሎ። የተጣጠፈው ባንዲራ ከነሣጥኑ በጎኑ ይቀመጥ፤ አይከፈት፣ ምንም አይደረብበት፣ ሲኒና ሳህንም እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይረፍ። የኢትዮጵያን ባንዲራ ጎን ለጎን ማቆም ከፈለጋችሁ የአሜሪካው ደንብ ሁለቱ እኩል መጠንና እኩል ቁመት ይኑራቸው፣ የአሜሪካውም በራሱ ቀኝ፣ ለተመልካች በግራ በኩል ይቁም ይላል። የትኛው ባንዲራ፣ ዓርማ ያለው ወይስ የሌለው የሚለው ክርክር ከተነሣ ግን ሁለቱንም ትታችሁ ነጭ ጨርቅና አበባ ብቻ አድርጉ። ያ ጠብ የእሱ ቀን ላይ ቦታ የለውም።

ሚስቱ ያለችውን ባንዲራ ለእናትሽ አምጪ አትበያት። ባሏ ነው፤ የደረሳትም ባንዲራ የእሷ ነው። ሌላ መንገድ አለ። ለወላጅ ሁለተኛ ባንዲራ ይሰጣል ወይ ብለሽ መሥሪያ ቤቱን ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ያደርጉታል። ሌላው፣ የምትኖሪበትን አካባቢ ምክር ቤት ተወካይ ቢሮ ጠይቀሽ በካፒቶል ላይ የተሰቀለ ባንዲራ ከምስክር ወረቀቱ ጋር በወንድምሽ ስም በክፍያ ማስወጣት ትችያለሽ። ሳምንታት ስለሚወስድ አሁን ይጠየቅ። ቅዳሜ በባልደረቦቹ ፊት ሚስቱ ራሷ ለእናትሽ ብትሰጣቸው ደስ ይለናል፤ ይህን ለብቻችሁ ቡና ስትጠጡ አንሺላት፣ በዘመድ ጉባኤ አይደለም። እናትሽም ከደሴ ለእሷ ነጠላ ይዘውላት ይምጡ።

ለልጆቹ ደግሞ የወደቁ ፖሊሶች ቤተሰቦች ማኅበር፣ በአጭሩ ኮፕስ የሚባለው፣ በ1984 በፈረንጆች የተመሠረተ፣ በፖሊስ ሳምንት ለልጆችም ለወላጆችም ለእኅት ወንድምም የተለየ መርሐ ግብር አለው። አንቺንም ጨምሮ ማለት ነው፤ እኅት ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ምዝገባው ቀድሞ ይዘጋል።

ስለ ገንዘብ በአዳራሹ ውስጥ ማንም አያንሣ፤ መዋጮም አይሰብሰብ። በሥራ ላይ ለወደቀ ፖሊስ ቤተሰብ የሚሰጠው የፌዴራል ክፍያ ዛሬ ከ400,000 ዶላር በላይ ነው፣ ለልጆቹና ለሚስቱም የትምህርት ድጋፍ አለው፤ ማመልከቻው ግን ከሞተበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ሚስቱ አስገብታ እንደሆነ ከሳምንቱ በኋላ በእርጋታ ጠይቂያት፤ አንዳንድ ሐዘንተኛ ፖስታ ሳይከፍት ነው የሚቆየው።

ደሴ ለቀሩት ዘመዶችም ንገሪያቸው። የሻማው ምሽት በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል፤ ዋሽንግተን ረቡዕ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ማስፈንጠሪያውን ማክሰኞ ላኪላቸው፣ ስሙ በስንተኛው ላይ እንደሚጠራም ጻፊበት፤ ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው ይተኙና ለ9 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይነሡ።